ኮፍያ ሆኖ የቀረው የጠረጴዛ ልብስ

መስጊድ በር ላይ የማያውቀኝ ሰው ሲያገኘኝ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮፍያዬ ላይ ነው። ነጭ ነው፣ በእጅ የተሠራ፣ አናቱ ላይ አበባ ያለበት። «ማሻአላህ፣ ከመካ ነው የመጣ?» ይለኛል። «ኧረ ከዚያም ይርቃል» እለዋለሁ። እውነቱን ብነግረው አያምነኝም። የጠረጴዛ ልብስ ነው። ቢያንስ ስጀምረው እንደዚያ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ መካነ ሰላም ውስጥ ኮርቻ ሰፊ ነበርኩ። ሚኒባስ በበዛ ቁጥር ኮርቻ ፈላጊው እየሳሳ ሄደና ቤት መዋል ጀመርኩ። ሥራ የፈታ ሽማግሌ በር ላይ እንደተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ግን ምሳ አይጠይቅም።

ቤቱን የያዘችው ሚስቴ ነበረች። ኪሮሽ ትሠራለች። በከተማው ያልለበሰ ሶፋ፣ ያልለበሰ ራዲዮ አልነበረም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። ዱዓም ተደረገ። ምላሷ ደህና፣ እግሯ ደህና፣ ግራ እጇ ደህና፤ ቀኟ ብቻ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ጭኗ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ ቆንጥጡኝ» አለችኝ።

ቆነጠጥኳት።

«ቆነጠጡኝ?» አለች።

ያኔ ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። እኔ ግን ወጥቼ በቅሎዋ ውሃ መጠጣት አለመጠጣቷን ላይ ሄድኩ። በቅሎዋን ከሸጥናት ቆይቷል።

ልጃችን በግንቦት ወደ ኩታበር ልትዳር ነበር። እናቷ የጀመረችላት ትልቅ ክብ የጠረጴዛ ልብስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ እንዳይፈታ የመጨረሻዋ የክር ዐይን በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች። ሙሽራ ሊወስዱ የሚመጡ ሴቶች ደግሞ ልማድ አላቸው፤ የእናትየዋን ሥራ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። እጅ የተለወጠ እንደሆነ ዙሩ ይናገራል፤ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ከዚያ «እናቷ አልጨረሰችላትም» ይባላል። ሚስቴ ስለ እጇ አንድም ቀን አላማረረችም። ያ ሥራ ሳይጨረስ ልጅቷ እንዳትሄድባት ብቻ ነበር የምትፈራው። እሱንም አልተናገረችም፤ ግድግዳውን እያየች ትውላለች።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ኪሮሽ ከሷ የተማረች ጎረቤታችን መጣች።

«ስጭኝና ልጨርስልሽ፣ እህቴ።»

«ያንቺ እጅ ይላላል።»

«ልጅሽስ?»

«እሷ ተማሪ ቤት ነው ያደገችው። ኪሮሹን እንደ እስክሪብቶ ነው የምትይዘው።»

«እኔ አለሁ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ከእኔ ቀድሞ የመውጣት ልማድ አለበት።

ጎረቤታችን ሳቋ ቤቱን ሞላው። «ወላሂ፣ አያ ኮርቻ! ለሙሽራ ነው ለበቅሎ?»

ሚስቴ አልሳቀችም። «በሌላ ክር ይሞክሩ» አለች።

መማር ጀመርኩ። ክሩ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሳይከደን ከተተወ የበልጉን ጭጋግ ይጠጣል፣ እርጥብ ክር ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ በበልግ ዐይኑ ከበጋው ሰፋ ይደረጋል። ክቡ እንዲዘረጋ በየዙሩ ዐይን ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ጠርዙ ይነሣል። ይህን ሁሉ ሚስቴ በዚያ በደረቀ ድምፅዋ ነገረችኝ። ጭንቅላቴም ገባው። እጄ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ መሳብ። የኮርቻ ስፌት ከላላ የበቅሎ ጀርባ ይልጣል።

«አይሳቡት!»

«አልሳብኩም።»

«ጥርስዎን ነክሰዋል። ሰው ጥርሱን ነክሶ ኪሮሽ ይሠራል?»

«የቀሩኝ ጥቂት ናቸው፤ ሳይረግፉ ልጠቀምባቸው።»

አበባው ወጣ፣ ዙሩ ቀጠለ፤ ጠርዙ ግን መነሣት ጀመረ። እንደ ሣህን ጎደጎደ፣ ከዚያ እንደ ቅል። ጎረቤታችን ከእጄ ነጥቃ ራሴ ላይ ደፋችው።

«ኑ እዩ! ጠረጴዛው ጁምዓ ሊሄድ ነው!»

ልጃችን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሚስቴ ቀና ብላ ራሴን አየች።

«ለራስዎ ልክ ነው» አለች።

ከእጇ ሕመም ወዲህ ቀልድ የሚመስል ነገር ሲወጣት የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን መላጣዬ ላይ ነፋሱ መቆሙ ብቻ ነው።

ሌላም ሠራሁ፤ ሌላም ኮፍያ ወጣ። ግንቦት እየቀረበ ነበር። እንዲህ ብቀጥል የመስጊዱን ጀመዓ በሙሉ አለብስና ልጄን ባዶ እጇን እሸኛታለሁ።

አንድ ከሰዓት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጣቶቼ ደነዘዙና ክሩ አምልጦኝ ወደ ሚስቴ ተንከባለለ። በግራ እጇ አነሣችው። ልታቀብለኝ ነበር፤ እኔ ሳላስተውል መሥራቴን ቀጠልኩ። ክሩ ከእጇ እየላላ መጣልኝ። የሠራኋት የክር ዐይን እንደ ወጉ ተዘርግታ ተኛች። ቀጣይዋም ተኛች።

«ቆዩ» አለች ሚስቴ።

ቆየሁ።

«ቀኝ እጅማ መንጠቆ ነው የሚያንቀሳቅስ። የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ክር የያዘው ግራው ነው።» ይህን ስትል ለእኔ አልነበረም። ግራ እጇን ገና ዛሬ እንዳየችው ሁሉ ታየው ጀመር። «ያንን አምጡት።»

የተጀመረውን የጠረጴዛ ልብስ አመጣሁላት። የመርፌ ቁልፉን በጥርሷ ከፈተችው። ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን። ክሩን እንደ ድሮዋ በግራ ጣቷ ጠመጠመችው፤ እኔ በቀኜ መንጠቆውን ያዝኩ። ስስብ ታለዝባለች፣ ስፈዝ ትይዘኛለች። ጥርሴን ስነክስ በክሩ ታውቅብኛለች፤ ሳታየኝ «ጥርስዎን» ትላለች። ዝናቡ ሲመጣ፣ ዝናቡ ሲሄድ ሠራን። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። አንድ ዙር ጨርሼ ቀና ስል ቀኝ እጇ እኔ ጉልበት ላይ ወድቆ አየሁት። መቼ እንደወደቀ እሷም አልታወቃት፣ እኔም አልታወቀኝም። አላነሣሁትም።

በሠርጉ ቀን ከኩታበር የመጡት ሴቶች ገለበጡት። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሴትዮ በጥፍራቸው ዙር ዙሩን እየተከተሉ ከመሀል እስከ ጠርዝ ሄዱ። ሚስቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

«የእናትሽ እጅ አይታማም!» አሉ ለልጄ። ዕልልታው ቀለጠ።

ሚስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እናት ሆኑ።»

«ምጡ ቀረብኝ እንጂ» አልኳት።

ልጃችንን ይዘዋት ሄዱ። ሚኒባሱ በአቀስታ መንገድ ጭጋግ ውስጥ ሲገባ ቆመን አየን። ሰው «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» እያለን ተበተነ። ቤት ገብተን ተቀመጥን፤ ካፊያ ጀመረ፤ እኔም ኮፍያዬን ደፋሁ።

«ይሞቃል?» አለችኝ።

«እንጃ፣ አይታወቀኝም።»

«እኔም አይታወቀኝም» አለች ቀኝ እጇን እያየች። ግራ እጇ ግን ጣሳው ውስጥ የክሩን ጫፍ ይፈልግ ነበር።