አቶ ይሁኔ ሚስታቸውን ያዩበት እሑድ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፤ ባሕር ዳር መናኸሪያ

ገና አልነጋም። «ዳንግላ፣ ቆሰበር! ዳንግላ፣ ቆሰበር!» እያሉ ረዳቶቹ ይጣራሉ። በወረቀት ላይ ከተማዋ እንጅባራ ናት፤ መናኸሪያ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ቆሰበር ናት። 2008 ዓ.ም.፣ የጥቅምት መጀመሪያ፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከሾፌሩ ኋላ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩና የካሜራዬን ቦርሳ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

ሥራዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ፎቶ የቅዳሜና የእሑድ ልክፍቴ ነው። ካሜራውን ያገለገለ ሆኖ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ከገዛሁት ሰባት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን ያነሳሁት አብዛኛው ወይ ደብዝዟል፣ ወይ ብርሃን በልቶታል፣ ወይ የሰው አናት ተቆርጦበታል። የዲጂታል ደግነቱ ፊልም አያስጨርስም። አጥፍቶ እንደገና ነው።

ለዛሬው ጉዞ ሰበብ አግኝቻለሁ። ጓደኛዬ ስመኝ ሥራ ይዟት መሄድ ስላልቻለች፣ እንጅባራ ላሉት ወላጆቿ ስኳርና የአባቷን የዓይን ጠብታ አሲዛኛለች። «እነሱ ዘንድ ታድሪያለሽ፣ ዘንገና ሐይቅንም ታነሺያለሽ» አለችኝ። ከዚያ በላይ መለመን አላስፈለጋትም።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ጋዜጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«አይ፣ መምህር ነኝ።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ካሜራ ምን ያደርግልሻል?»

እናቴም ይህንኑ ትጠይቀኛለች።

ጠዋት 2 ሰዓት፤ ዳንግላ

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። የዛሬው ሙከራዬ ይኼ ነው፦ የሚሮጥ ባጃጅን በካሜራ እየተከተሉ ማንሳት፤ ባጃጁ ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሱቅና ሰው እንደ ተሰመረ ቀለም ይደበዝዛል ይባላል። በመጽሐፍ ሲያነቡት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ባጃጅ ግማሹ አመለጠኝ። ሁለተኛው ፈሳሽ ሆነ። በሦስተኛው ፋንታ አንዲት አህያ ከነድንች ጭነቷ ገባችልኝ።

አጠገቤ የተቀቀለ ድንች በዳጣ የሚሸጡ ሴትዮ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው «ባጃጁ አለፈሽ እኮ!» አሉና ሳቁ።

«ሌላ ይመጣል» አልኳቸው።

«እሱስ ይመጣል፤ አንቺስ መቼ ትበያለሽ?» ብለው አንድ ሳህን አቀበሉኝ። አምስት ብር። ድንቹ ትኩስ ነው፣ ዳጣው እንባ ያስመጣል። በእንባዬ መሀል ያነሳሁት ሰማያዊ ባጃጅ ተሳካ፤ የሾፌሩ ፂም እንኳ ይቆጠራል። ለሴትዮዋ አሳየኋቸው። «ወይ ጉድ፣ የእህቴ ልጅ ነው!» ብለው ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ አዞሩት። ከእጃቸው ለማስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር ሦስቴ ጥሩንባ መንፋት ነበረበት።

ከዳንግላ ወዲያ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት የሚሄደው ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥላው ሰማያዊ። በየመሀሉ ጭስ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በመስኮት የሚገባው አየር የከሰልና የእርጥብ አፈር ነው። ሚኒባሱ እየዘለለ አንድም ጥሩ ፎቶ አላነሳሁም።

ረፋድ 5 ሰዓት፤ እንጅባራ

የስመኝ ወላጆች ቤት ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጓሮው ቀርከሃ። አባቷ አቶ ይሁኔ በራፉ ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ወተት የመሰለ ነገር ጋርዶታል። ቢላዋው ጣታቸውን የሚቆርጥ እየመሰለኝ ሰጋሁ፤ እሳቸው ግን አንዴም ሳይሳሳቱ እኩል እኩል አድርገው ያወጡታል።

«ሰው መሆንሽን አያለሁ» አሉኝ፤ «ማን መሆንሽን ግን በድምፅሽ ነው የማውቀው። ስመኝ ነግራኛለች፣ ካሜራ ያላት ትመጣለች ብላ።»

ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ለዓመታት ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ አዙሮ ብሌናቸውን ሲፍቀው ኖሯል። ሽፋሽፍቱን በቀዶ ሕክምና መልሰውላቸዋል፤ ጠባሳው ቀርቷል። ጥርት አድርገው ማየት ካቆሙ ስድስት ዓመት ሆነ። የሰው ቁመናና ቀንና ሌሊት ይለያሉ፤ ፊት ግን አፍንጫቸው ድረስ ቢቀርብም ጭጋግ ነው።

ሚስታቸው ወይዘሮ የሺ አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ያሰሩ ናቸው። ስኳሩን ተቀብለው፣ ጠብታውን ከፍተው፣ የባላቸውን አገጭ በሁለት ጣት ቀና አድርገው በየዓይናቸው አንዳንድ ጠብታ ጠብ አደረጉ። አቶ ይሁኔ አይንቀሳቀሱም። ያንን ማንሳት አማረኝ። አሳፈረኝና ተውኩት።

እሑድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ዘንገና

ወደ ጥሊሊ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ ወረድኩ። በእጄ አቶ ይሁኔ የሠሩት የቀርከሃ ዱካ፣ አጭር መቀመጫ፣ አለ፤ የካሜራ ማቆሚያ የለኝም ስላቸው ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው።

ሐይቁ የለም። ጉም ብቻ ነው። ዱካውን ዳርቻው ላይ ተክዬ፣ ካሜራውን አስቀምጬ፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያው ለአሥር ሰከንድ ክፍት እንዲቆይ አደረግኩት። አሥር ሰከንድ መተንፈስ እንኳ ያስፈራል። አንዲት ጦጣ መጥታ ዱካውን ነካችና ፎቶዬን አበላሸች፤ ደገምኩት። ቀስ በቀስ ጉሙ ሲነሳ ውሃው ላይ የተጋደመ አንድ ጥቁር ዛፍ ወጣ፤ ጥላውም አብሮት። በሰባት ወር ውስጥ «ይኼ የእኔ ነው» ያልኩት የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት፤ እንጅባራ

ባልና ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቁርስ ሲቀርብ ደረስኩ። ደስታዬ አላስቀመጠኝም። ካሜራውን ለአቶ ይሁኔ ዘርግቼ «አባባ፣ ይዩት!» አልኳቸው። ወዲያው ከንፈሬን ነከስኩ።

እሳቸው ቅር አላላቸውም። ካሜራውን ተቀብለው፣ የስክሪኑን ብርሃን ፈልገው፣ አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት። እኔም የምሆነውን አጥቼ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት፤ ምስሉን በዙም አጎላሁት።

«ይኼ ጥቁሩ... ዛፍ ነው?»

«አዎ።»

«ቅርንጫፉ ውሃ ነክቷል።»

ወይዘሮ የሺ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። «እውነትህን ነው?»

«ከምስሉ ኋላ ብርሃን አለ። ጭጋጉን ይገፋልኛል።» ድምፃቸው ተለወጠ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የሽን አንሻትና አሳዪኝ።»

«ኤዲያ! ደግሞ እኔን ብሎ ፎቶ!» አሉ ወይዘሮ የሺ። ሳቅ አስመስለው ተነሱና በጓሮው በር ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ከቀርከሃው ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል።

«ፊቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ያኔ ጠጉሬ ጥቁር ነበረ፣ ጥርሴም ሙሉ። እንግዳ ሲመጣ ስለ እኔ ሲያወራ እሰማዋለሁ። ያቺ የሚያወራላት ሴት እሱ ዘንድ አላረጀችም። ዛሬ ምን ብዬ ላርጅበት?»

«ካልፈለጉ አላነሳዎትም፣ እማማ። ባትሪው አለቀ እላቸዋለሁ።»

ቀስ ብለው «ካሜራሽ ሽበት ይደብቃል?» አሉኝ።

«ብርሃኑን አብዝቼ ካነሳሁዎት መስመሩ ሁሉ ይጠፋል።»

«እስቲ።»

ፊታቸውን ታጥበው መጡና የውጭ ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው፤ አንዱን ብርሃን አብዝቼ፣ አንዱን እንዳሉ። ሁለቱንም አሳየኋቸው። በመጀመሪያው ግንባራቸው እንደ ሳህን ጠርቷል፤ አንድም ጭረት የለበትም። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ማናት?» አሉ። «ይቺን ካሳየሽው የሰው ሚስት ነው የምታሳዪው። አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ይቺን ያምናል?» ከዚያ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደዱ። ፈቱት። ጠጉራቸው ከግንባራቸው ጀምሮ ነጭ ነው። «በይ እንደገና አንሺኝ። እንዲህ።»

አነሳኋቸው። እንዳይደበዝዝ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

አቶ ይሁኔ ካሜራውን አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት። እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ የሚስታቸውን ፊት በየቁራሹ አሳያቸዋለሁ። የባትሪው ምልክት ቀልቷል።

«ይኼ ዓይኗ ነው» አሉ። ወዲያው አወቁት። «ወደ ላይ ውሰጂኝ... ይኼ ነጩ ምንድን ነው? ብርሃን ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ወይዘሮ የሺ መለሱ። «ሽበት ነው።»

«መቼ አበቀልሽው?»

«አንተ ሳታይ።»

ወደ ታች እንድወስዳቸው ጠየቁ። የሚስታቸው ጉንጭ ላይ ቆዩ። «ጉንጭሽ ገብቷል። አትበዪም እንዴ?»

«ጥርሴ ሄዶ ነው።»

«ስንቱ?»

«አራቱ።»

ወይዘሮ የሺ ሻሻቸውን እጃቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። ካሜራው በአቶ ይሁኔ እጅ ስለሆነ ስልኬን አውጥቼ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ እሳቸውን አንድ ጊዜ አነሳኋቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ በመጨረሻ። «እኔኮ ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ነበር። አንቺን እዚያ ጥዬሽ የመጣሁ ነበር የሚመስለኝ።»

ከዚያ በአማርኛ አልቀጠሉም። በአካባቢው ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆነ ነገር አሏቸው። አዊኛ አልሰማም። ወይዘሮ የሺ ግን አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ሞላ። ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኩም።

ስክሪኑ ጠፋ። አቶ ይሁኔ ካሜራውን ከፊታቸው ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ባትሪው ነው፣ አባባ። መብራት ሲመጣ...»

«ይበቃል» አሉኝ። «አይቻታለሁ።»

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ባሕር ዳር

የመጨረሻውን ፎቶ፣ ያንን ሻሽ የሌለበትን፣ ፎቶ ቤቱ በሚችለው ትልቅ ወረቀት አሳትሜ ትናንት ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ሾፌር ልኬላቸው ነበር። ዛሬ ከክፍል ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ወይዘሮ የሺ ይጮኻሉ።

«ደረሰን! ደጅ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ተደፍቶበታል። እንደዚያ እንደሚያበራው ካሜራሽ አይሆንም ይላል። ግን ሽበቴን አግኝቶታል። ሰው ባለፈ ቁጥር ጠርቶ ያሳያል። እኔ እዚሁ ቆሜ!»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ከባላቸው ራቅ ያሉ መሰለኝ።

«ልጄ፣ በስልክሽ ያነሳሽው አለ አይደል? ያን ዕለት።»

እንዳዩኝ አላወቅኩም ነበር። «አለ፣ እማማ። ግን አያምርም። ቤቱ ጨለማ ነበር፣ ብዥ ብሏል፤ የአባባ ግማሽ ፊት በካሜራው ተሸፍኗል።»

«ግድ የለም። ለእኔ እሱን አሳትሚልኝ» አሉ። «እሱ እኔን ሲያይ ያነሳሽውን።»

ስልኩን ዘጋሁና ደብተሮቼን እንደታቀፍኩ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ።