ጤነኛው ላፕቶፕ

ጥገና ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ የካፖርቷን ቁልፍ አዛንፋ የቆለፈች ሴት የባሏን ላፕቶፕ ይዛ ገባች። እንደ ታመመ ልጅ ግንባር በእጇ ጀርባ ትዳስሰዋለች።

«ባለቤቴ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ይግላል፤ ፋኑም ይጮኻል» አለችው ጠጋኙን።

ከፍቶ አየው። «ሥራ ሲበዛበት ሰባ፣ ሰማንያ ዲግሪ ቢደርስ ጤና ነው፣ እህቴ።»

«መጽሐፍ ብቻ ሲያነብበትስ?»

«ለንባብማ ሃምሳም አይሞላም፤ ድምፁም አይሰማም። በቪዲዮ ሲያወሩበት ነው እንዲህ የሚጮኸው።»

ፊቷ ዳመነ። «‹እያነበብኩ ነው› ነው የሚለኝ» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ከእኔ ጋርማ ሁለት ቃል ለማውራት ይደክመዋል።»

ጠጋኙ አፈረ። «አይዞሽ፣ ምንም ብልሽት የለበትም።»

«ምነው ብልሽት በሆነልኝ!»