የሰላም ሰርጎች ሁሉ ተርፈዋል

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ ጠፍቶ የነበረው መብራት ኃይል ጨምሮ መጣና የኔንም የሰላምንም ኮምፒውተር አቃጠለው።

ሰላም ከሱቄ መንገድ ማዶ ሱቅ ያላት ናት። ሁለታችንም ሰርግ ነው የምንቀርጸው።

እሷ ግን አልደነገጠችም። ሥራዋን ሁሉ በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ሶፍትዌር ገዝታ፣ ዲስኩን ቤቷ ነው የምታሳድረው። ረፋዱ ላይ በሌላ ኮምፒውተር የጥር ሰርጎቿን በሙሉ መለሰች።

እኔስ? በነጻ የተገኘውን ሶፍትዌር መርጬ፣ ቅጂውን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጥኩ። (ገበሬው አባቴ እንኳ ዘሩን ከሚበላው እህል ጋር አንድ ጎተራ አይከቱም!)

ከእብናት የመጡ የሙሽራ አባት "የልጄ ሰርግ ደረሰ ወይ?" አሉኝ።

"ትንሽ ይታገሡኝ አባባ" ስላቸው ወደ ማዶ አዩና "እዚያስ ለሁሉም እያደለች ነው" አሉ።

ይባስ ብላ ሰላም ራሷ ፍላሽ ይዛ መጣች።

"ያንተን ሰርግ የቀረጽኩት እኔ አይደለሁ? እሱ እኔ ጋ አለ፤ እንካ።"

ከሱቄ ሰርግ ሁሉ የተረፈው የራሴ ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ይኸው ከሰማች ጀምሮ ሰላምን ስትመርቅ ውላለች!

እናንተስ ፋይላችሁን የት ነው የምታስቀምጡት? የኔ ማዶ ነው ያለው።