ከአራተኛ ፎቅ በጉርሻ ያመለጥኩበት ገና

እኔ ወፍራም ነኝ። ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ ይኸው ራሴ ነገርኳችሁ። ዳገቱን ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስደርስ፣ ጉልበቴ ከካህናቱ ቀድሞ ማሕሌት ይቆማል።

ዘንድሮ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ መጥታ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ጣቴን ወጋች፣ ከነጋቢዬ ሚዛን ላይ አቆመችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ጨፍገግ አድርጋ፣ "እማማ፣ ስኳርዎ አፋፍ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ተመልሰው ይምጡ። ክብደትዎ ከዚህ ከጨመረ መድኃኒት እንጀምራለን" አለችኝ።

መድኃኒቱስ ግድ የለም። ጉዱን ያመጣችው ልጄ ናት። ገና ከበሩ ሳንርቅ፣ "እማዬ፣ አንድ ኪሎ ብትጨምሪ ቤቱን ዘግተሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ምግብሽን እኔ ነኝ የምቆጣጠረው" አለች።

እሷ ጋ ማለት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። እዚያ ጎረቤቱን ደህና አደርክ ስትሉት በሩን ይዘጋባችኋል። እኔ ደግሞ ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ የማልተርበው መንገደኛ ካለፈ ያ ቀን ቀን አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩበትን ቤት ትቼ ፎቅ ላይ ልሰቀል?

"እሺ" አልኳት። ጾሙ እስኪፈታ ቀላል ነበር፤ ሽሮና ጎመን ማንን ያወፍራል? ከገና እስከ ጥምቀት ግን እኛ ሰፈር በየቤቱ መጠራራት ነው። አንዱ ቤት በልቶ ሌላውን መዝለል ጠብ ነው።

የገና ዕለት የሰፈራችን ቄስ ቤት ተጠራን። ልጄ ጥምቀት እስኪያልፍ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ዘበኛ ሆና አጠገቤ ተቀመጠች። የቄሱ ሚስት የዶሮ ወጡን እንጀራው ላይ ገለበጠችና፣ "ብዪ እንጂ!" አለችኝ።

"በቃኝ እህቴ፣ ነርሷ ከልክላኛለች።"

"ወጡን የሠራችው ነርሷ ናት? በሞቴ!"

"ኧረ አትሙቺብኝ።"

"እንግዲያው ጨው በዝቶበታል በዪኛ!"

ምን ይደረግ፣ ሴትዮዋ በዓውደ ዓመት ከምትሞትብኝ ጎረስኩ። ከዚያ ባሏ አጎረሰኝ። ከዚያ እናቷ። ልጄ ጎኔን ቆንጥጣ በጆሮዬ፣ "ልብስሽን ላሽግ?" አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ የገዛ አጥሬን ሳየው እንባዬ መጣ። እሷን ግን ንፋሱ ነው አልኳት።

በማግስቱ ሌላ ቤት ስንቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ገበታ ላይ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በማይበላው ላይ ነው። የሚያጎርሰውን ማን ያየዋል? እጄን ሰብስቤ "በቃኝ" ማለቱን ተውኩና ማጎረስ ጀመርኩ። "ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው!" እያልኩ ለግራዬ፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" እያልኩ ለቀኜ። እጄ ከትሪው አይለይም፤ የሚያርፈው ግን ሰው አፍ ላይ ነው። ሰው ሁሉ፣ "ተመስገን፣ ዛሬስ በላችልን" አለ።

ትልቁን ጉርሻ ለልጄ ነበር የምጠቀልለው።

"እማዬ፣ በቃኝ!"

"የእናትሽን እጅ ትመልሻለሽ? በሰው ፊት?"

ቤቱ ሁሉ ከእኔ ጋር ሆነ። ጎረሰች፣ ምስኪን።

መልሰው ሊያጎርሱኝ ሲመጡ፣ "ጥርስ የለኝም፣ ፍርፋሪ ታህል አድርጉልኝ" እላለሁ። ጥርሴ ሙሉ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጠላውንም አንዴ ፉት ብዬ ብርጭቆዬን እንደሞላ እይዛለሁ። ለሞላ ብርጭቆ ማን ይቀዳል? ረቡዕና አርብ ሲመጡ ደግሞ ጾም ነውና እጄም አፌም ያርፋሉ።

አንድ ቀን ግን ቅልጥም አሸነፈኝ። ልጄ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ አነሳሁት። ቅልጥም መቼም ድምፅ ሳያሰማ አይመጠጥም።

"እማዬ፣ ምንድን ነው የሚያፏጨው?"

"ንፋሱ ነው።"

ጥምቀት አለፈና ጤና ጣቢያ ሄድን። ሚዛኑ ጋ ስደርስ ጋቢዬን ቀስ ብዬ ወንበሩ ላይ ጣል አደረግሁ።

"እማዬ! ያን ጊዜ ከነጋቢሽ ነው የተመዘንሽው። ልበሺው!"

ለበስኩት። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ያ ቅልጥም ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች። ወረቀቷን አየች። እንደገና ጎንበስ አለች።

"እማማ፣ ሁለት ኪሎ ቀንሰዋል።"

"ከነጋቢዬ?"

"ከነጋቢዎ!" ጣቴንም ወግታ፣ "ስኳሩም ወረድ ብሏል" አለችኝ።

እፎይ! አራተኛ ፎቁ ከነደረጃው ከላዬ ላይ ወረደ።

"እስቲ አንቺም ውጪ" አልኳት ልጄን። እምቢ ብላ ብላ ወጣች። አየችና ወረደች። ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ኮቷን አውልቃ፣ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ደግማ ወጣች።

"ሚዛኑ ልክ አይደለም።"

"ለእኔ ልክ ነበር፣ ልጄ።"

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ውስጥ ቀበቶዋን አላልታ ስትቀመጥ፣ "ለፋሲካ ትመጪያለሽ አይደል?" አልኳት።

"በሁዳዴ ነው የምመጣው! በጾሙ!"

እየሳቅሁ ተመልሼ ቤቴን ከፈትኩና፣ ቆሎዬን ይዤ ደጄ ላይ ፀሐይ ልሞቅ ተቀመጥኩ። የቄሱ ሚስት ስታልፍ አየችኝና ክው አለች።

"ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አሞሽ ነው እንዴ? ነይ ቤት፣ ትንሽ ነገር ቅመሽ።"

"ኧረ ጥርስ የለኝም" አልኳት፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ።