ደመወዝ የሌለው ሹመት የፈለገች ሴት

በዋሃካ ጠረፍ፣ አስፋልት በማይደርስባት ላ ሶርዳ፣ ሹመት የሚሰጠው የመንደሩ ጉባኤ ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም። ስለዚህ የጉባኤው ሰሞን ሲደርስ ጎረምሳው ወገቡን ይይዛል፣ ሽማግሌው ጆሮው ይደፈናል፣ ትናንት ጀልባ በትከሻው ሲገፋ የዋለው ጀግና ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል። እንዲህ ባለ የታታሪዎች መንደር አንዲት ሴት ተነሥታ «የባሕር ዳርቻውን ጥበቃ ለኔ ስጡኝ» ስትል ጉባኤው ምን ያድርግ? ጠረጠራት።

ሴትየዋ ኤውስቶሊያ ናት፤ በዘንባባ ጣሪያ ሥር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ምክሩን ደግሞ በነፃ የምትመርቅ። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ትጀምረዋለች።

«ከኮኮናት ዛፍ ሥር እንዳትተኛ፤ ፍሬው ሲወድቅ ይቅርታ አይጠይቅም። ውሃው ጉልበትህ እስኪደርስ እግርህን እየጎተትክ ግባ፤ አሸዋው ውስጥ ጅራቱ መርዛም የሆነ ዓሣ ይተኛል፣ ሲሰማህ ራሱ ይሸሻል። የት እንደምትሄድም ለሰው ተናገር፤ እዚህ ስልክ አይሠራም።»

እንግዳው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሄዶ ኮኮናቱ ሥር ይተኛል።

ባለፈው የሕማማት ሳምንት ሁለት ወንድማማቾችን ባሕሩ ወስዷቸው ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ኤውስቶሊያ እንቅልፍ አጣች። የዓሣ ጠባሽ ምክር ማን ይሰማል? ቀይ ባንዲራና ፊሽካ ያስፈልጋታል፤ እነሱን ደግሞ የሚሰጠው ሹመቱ ነው።

የተቃወማት አበልጇ ፊሌሞን ነው። በመንደሩ አንደኛ ዋናተኛ መሆኑን ያልነገረው ፍጡር ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። ሹመቱን እሱም አይፈልገውም፤ እሷ እንዳታገኘው ብቻ ነው የሚፈልገው።

«አበልጄ፣ እርስዎ እኮ ዋና አይችሉም» አላት በጉባኤው ፊት። «የሚሰምጠውን በምን ያወጡታል? በመጥበሻ?»

ጉባኤው ሣቀ።

«ውሃው የሚወስደው ዋና እችላለሁ የሚለውን ነው፣ አበልጄ። እኔ መንሳፈፍ እችላለሁ።»

«እስቲ ያሳዩና።»

ጉባኤው አጀንዳውን ጥሎ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ስብሰባ ለመሸሽማ ማን ወገቡን ያመዋል። ኤውስቶሊያ ማዕበሉ የማይሰበርበትን፣ ጠቆር ያለውን ጸጥተኛ መስመር መረጠች። እንግዳ ሁሉ «እዚህ ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያ ነው፤ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረትም እዚያው ነው። ከነቀሚሷ ገብታ በጀርባዋ ተኛች። ጅረቱ ወሰዳት።

ጭንቅላቷ ሎሚ ሲያክል የፊሌሞን ፊት አመድ መሰለ፤ ክርስትና ያነሣው ልጅ እናት ናት። ዘሎ ገባ። በቅጽበት ደርሶ ክንዷን ያዘና በቀጥታ ወደ ዳር ይስባት ጀመር። ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፤ እንደታሰረ አህያ አንድ ቦታ ላይ ቀረ።

«ከማን ጋር ነው የሚጣሉት፣ አበልጄ?»

«ዝም ብለው... ይያዙኝ።»

«ይልቁንስ ይልቀቁኝና በጀርባዎ ይተኙ። ትንፋሽዎ ሲመለስ በጎን እንሄዳለን፣ ከዳርቻው ትይዩ። ይሄ ጅረት ጠባብ ነው።»

የሚከራከርበት ትንፋሽ ስላልነበረው ታዘዘ። ጎን ለጎን ተንሳፍፈው፣ በቀስታ እየቀዘፉ ከጅረቱ ወጡ፤ ማዕበሉም ራሱ እየገፋ ራቅ ካለ አሸዋ ላይ አራገፋቸው።

ጉባኤው እየሮጠ ደረሰ። ሊቀመንበሩ እያለከለከ «ኤውስቶሊያ ትሁን የምትሉ?» አለ።

ፊሌሞን አሸዋው ላይ በሆዱ እንደተጋደመ፣ ጨዋማ ውሃ እየተፋ፣ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ።

«ለድምፅ ነው ወይስ ለእርዳታ?» አለችው።

«ለድምፅ።»

«እንግዲያው ያውርዱትና ይረፉ። ተቆጥሯል።»