የተምች መድኃኒት በርሜሎች

ሊይዙኝ ሲመጡ ጣቴ ላይ የነበረው ቀይ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። በደርግ ዘመን፣ ሆሳዕና ከተማ፣ በአንድ የግብርና መጋዘን ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። የተምች መድኃኒት በትልልቅ በርሜል ይመጣልናል፤ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ የውጭ አገር ቋንቋ ነው። በኋላ ከላይ አንድ ሰርኩላር ወረደ፦ አደገኛነቱ በአማርኛ ይጻፍበት፣ ባዶው በርሜል ተበስቶ ይቀበር የሚል። የወረዳው ካድሬ ግን ባዶዎቹ እንደ ቀድሞው ለውሃ ማጠራቀሚያ እንዲታደሉ አዘዘ። እንድበሳቸው አልፈቀደልኝም። ስለዚህ ብሩሽ አንሥቼ በእያንዳንዱ ላይ «መርዝ ነው፤ ውሃ አይቀመጥበትም» ብዬ ጻፍኩ።

ሰርኩላሩን ሳሳየው አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«መንግሥት መድኃኒት ብሎ የሰጠውን አንተ መርዝ አልከው። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ያሰሩኝ ከነጋዴ በተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች ነበር። አሥራ ሦስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሰዎቹ በፊት ግን ያወቅሁት ሽታውን ነው፤ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ። በሩ አጠገብ የመጠጥ ውሃ የያዘ በርሜል ቆሟል። የውጭ አገር ጽሑፉ በአሸዋ ተፈግፍጓል፤ የመርዝ ምልክቱ የራስ ቅል ሥዕል ግማሹ ቀርቷል። ሰርኩላሩ ከመምጣቱ በፊት እኔው ፈርሜ ካስረከብኳቸው አንዱ ነው።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ የከተማው ዙሪያ፣ የሌሞ ገበሬ ናቸው። እህል ደብቀዋል ተብለው ከገቡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ያልባቸዋል፤ ምራቃቸው ይዝረበረባል። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ጋቢያቸው ሥር ደብቀውታል።

«ልጄ፣ እጄን አትመልከት» አሉኝ፣ የሀዲይኛ ቅላጼ ባለው አማርኛቸው። «እኔ ፈሪ አልነበርኩም። እዚህ ከገባሁ ነው እንዲህ የሆንኩት። ለምርመራ ስቀርብ ይስቁብኛል።»

ደሜ ፈላ። ሰውን መርዝ አጠጥተው በመንቀጥቀጡ ይስቁበታል።

«አባቴ፣ ፍርሃት አይደለም» አልኳቸው። «ውሃው ነው። በርሜሉ የተምች መድኃኒት የነበረበት ነው። ከመጋዘን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ዞረው በርሜሉን አዩት።

«ፍርሃት አይደለም?»

«አይደለም።»

ጸሎት ቤቱ ታሽጎ የታሰረ አንድ ወንጌላዊ ጥጉ ላይ ነበር። የተባባልነውን ለሌሎቹ በሀዲይኛ ነገራቸው። ሽማግሌው ተነሡና በርሜሉን ገፉት፤ አቃታቸው። ልንረዳቸው ስንነሣ በክንዳቸው መለሱን። ትከሻቸውን አስጠግተው እንደገና ሲገፉት ወደቀ። ውሃው ወለሉን ሞላው፤ እግራችንን ሰበሰብን።

ደጅ የቆመው አብዮት ጠባቂ በሩን በረገደው። «ማነው የደፋው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ለምን?»

«መርዝ ነዋ።»

ይዘዋቸው ወጡ። ሽማግሌው ሲመለሱ ውስጥ እግራቸው ተገርፎ አብጦ መርገጥ አቅቷቸው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አልሰጡንም። በሦስተኛው ቀን ቤተሰብ በጀሪካን ውሃ እንዲያመጣ ተፈቀደ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ሳምንት ሳይሞላ የሽማግሌው እጅ እየረጋ መጣ። ለምርመራ በተጠሩ ቀን እያነከሱ፣ ግን እጃቸውን ከጋቢው ውጭ አውጥተው ሄዱ።

እኔ ከስምንት ወር በኋላ ያለ ፍርድ ተፈታሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ካድሬውን ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ሸብቷል። እጄን ጨብጦ «ጊዜው ነው እንግዲህ፤ ሁላችንም ልጆች ነበርን» አለኝ።

«የቀሩት በርሜሎች የት ደረሱ?» አልኩት።

«የምን በርሜል?»

እያስመሰለ አልነበረም። በእውነት ረስቶታል። ከመታሰሬ ይልቅ ይህ አናደደኝ። ወደ የትኞቹ መንደሮች እንደተጫኑ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ በአካባቢያችን ወዳሉት ወደ ጊምቢቹ ወይም ወደ አንጋጫ ስሄድ፣ ደጃፍ ላይ ያረጀ በርሜል ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ ክዳኑን አንሥቼ አሸታለሁ።