ከአፈር የተለቀመ በቆልት

ዛሬ ጠዋት የጠርሙስሽን ጨርቅ ገለጥ አድርገሽ «እማ፣ ነይ እዪ! በቀለ!» ብለሽ ስትጮሂ፣ የዘፈዘፍሽውን ማሾ ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ያ ጥሬ ጥሬ የሚለው፣ ዝናብ ያገኘው እህል ሽታ። አንቺ ግን ስልክሽ ላይ ስላየሽው አዲስ ምግብ መስሎሽ እንዴት እንደሚበላ ልታስተምሪኝ ጀመርሽ። ሳቄን ዋጥኩት። እኔ ለበቆልት ብዬ ጭቃ ውስጥ የተንበረከክሁ ሰው ነኝ! ቁጭ በይና ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ትውልድ አገሬ ሞርሲቶ ነው ያለነው፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ጎጃም ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከዚያው ሚስት ይዞ መጣ። ሙሽራዋ ረጅም፣ ጠይም፣ ሲበዛ ዝምተኛ ነበረች። በእኛ ቤት አማርኛ የትምህርት ቤትና የገበያ ነው፤ ምድጃ ዳር የሚወራው ሀዲይኛ ነው። እናቴ የምታውቀው አማርኛ ተሰብስቦ እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ሲባባሉ ይውላሉ። ቆጮ ሲቀርብላት ሙሽራዋ ቆረስ አድርጋ ታላምጥ፣ ታላምጥና በውኃ ትገፋዋለች። እናቴ ይህን ታያለች። «ይቺ ልጅ ምግቤን አልወደደችውም» ትለኛለች በሀዲይኛ፤ እኔም አልተረጉመውም።

እኔ ግን ወድጃት ሞቻለሁ። ሹሩባ ትሠራኛለች፣ ያገሯን ተረት ትነግረኛለች። ታዲያ አንድ ቀን ከጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት።

«አገሬ ብገባ ይሻለኛል» አለችኝ። «ቅዳሜ ዘመዶቻችሁ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቀመጠው? ያገሬን ምግብ በእጄ ሠርቼ ባቀርብና ቢወዱልኝ እንኳ...»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

አፍንጫዋን ጠረገችና አሰብ አደረገች። «በቆልት።»

ባቄላ ተዘፍዝፎ፣ ጎንቁሎ እንደሚበላ ስትነግረኝ ሳቅሁባት። በእኛ ቤት የጎነቆለ ባቄላ ለዘር ነው፤ ካልሆነም ጣሪያው አፍስሶበታል ማለት ነው። «ቅመሺውና ትስቂያለሽ» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ። ቁጣዋ ደስ አለኝ፤ ከለቅሶው ይሻላል።

ባቄላውን ዘፈዘፈችው፤ አደረ። ሲጠነፍፍ በጉሎ ቅጠል መጠቅለል አማራት፤ ያገሯ ልማድ ነው። «እንሰት ሞልቶ ጉሎ ፍለጋ!» ብዬ ኮባ ቆርጬ መጣሁ። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ፣ ላብ ሲያወጣና ሲለሰልስ ባቄላውን ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩት። ምድጃው አጠገብ፣ አሮጌ ቅርጫት ሥር ደበቅነው። ለማንም አልተናገርንም፤ ድንገት ልናስደንቃቸው ነዋ!

ከዚያ ወዲያ እኔ ትምህርት ቤት ተቀመጥኩ ማለት ይቻላል? ልቤ ያለው ቅርጫቱ ሥር ነው። ደውል ሲደወል እየበረርኩ እመጣለሁ፤ ጥቅሉን እዳስሳለሁ፤ ይሞቃል። «አትክፈቺው፣ ይበርደዋል!» ትለኛለች። አብረን የከፈትን ዕለት ኮባው ውስጥ እንፋሎት ነበረ፤ ባቄላው ሁሉ ነጭ አፍንጫውን አውጥቷል። ሙሽራዋ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ቤታችን ከገባች ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለቅዳሜ መልሰን ጠቀለልነውና እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለልን።

ዓርብ እየሮጥኩ ስገባ ሙሽራዋ ባዶውን ኮባ ይዛ ቆማለች።

እናቴ ከጓሮ መጣች፣ መቆፈሪያዋን እንደያዘች፣ ፊቷ በርቶ። ሙሽራዋን አቀፈቻትና ባላት አማርኛ «ልጄ ጎበዝ! ጥሩ ዘር! ተከልኩ፣ ሁሉ ተከልኩ!» አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ በሀዲይኛ ቀጠለች፦ «ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ዘር ያዘጋጀ ሰው ግን የትም አይሄድም።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ሙሽራዋ። ነገርኳት። «ደግ አደረጉ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አላስቻለኝም። ዘር ሳይሆን ምግብ መሆኑን፣ ነገ በእጇ ልታቀርበው እንደነበር፣ ካልሆነላት አገሯ መግባት እንደምትፈልግ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለእናቴ ዘረገፍኩላት። አባቴ ከደጅ ሰምቶ «መሬት የገባ ዘር የመሬት ነው፤ ማን አውጥቶ ያውቃል?» ብሎ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። መቆፈሪያውን ጣለችው፤ ባቄላውን ይቆርጠዋል። ጓሮ ወጣች፣ ተንበረከከች፣ በጣቷ አፈሩን መጫር ጀመረች። ካፊያው ጀምሯል። እኔም ተከተልኳት። ሙሽራዋ ከኋላችን «እማማ፣ ይተዉት! በእናትዎ ይተዉት!» እያለች መጣች።

«ነይ፣ ልቀሚ!» አለቻት እናቴ።

ለቀምን! አንዱ በተገኘ ቁጥር እልል እንላለን። ዝናቡ ወረደብን፣ ጭቃው እስከ ክርናችን ደረሰ፣ አባቴም መሳቁን ትቶ ቅርጫት ይዞልን ቆመ። ሁለቱ ሴቶች አንዷ ባማርኛ፣ አንዷ በሀዲይኛ ያወራሉ፤ ማንም አላስተረጎመኝም።

ቅዳሜ ግማሹ ተቆላ፤ ግማሹ ተቀቅሎ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ታሸ። እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ቅቤ አቅልጣ አፈሰሰችበት፤ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣም ጎኑ አኖረች። ሙሽራዋ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ በቆጮ ጠቅልላ ጎረሰች፤ ውኃ ሳትጠይቅ ዋጠችው። አንዲት አሮጊት ዘመዳችን «ዘር አበላችሁን እኮ!» ብለው ሳህናቸውን ደግመው ዘረጉ።

ሙሽራዋ አልሄደችም። ያልለቀምነው ባቄላ እንሰቱ መሀል በቅሎ አበበ፤ እናቴ ከእሷ በቀር ማንንም አላስነካችም።

አሁን እናቴ የለችም። ያቺ ሙሽራ አንቺ አክስቴ የምትያት ናት፤ በሀዲይኛ ስትቆጣ ከእኔ ትፈጥናለች። በቆልት ባዘጋጀች ቁጥር ግን አንድ እፍኝ ሳትቀቅል ታስቀራለች። ጓሮ ትወጣና ተንበርክካ በጣቷ ትተክለዋለች። አንዴ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ቀና ሳትል፣ በሀዲይኛ፣ «እናቴ ትለቅመዋለች» አለችኝ።

እና ልጄ፣ ማሾሽን ሁሉ እንዳትጨርሺው። አንድ እፍኝ አስቀሪልኝ፤ እሑድ ሞርሲቶ ይዘነው እንሄዳለን።